የአያቴን ድምፅ ፍለጋ፦ 23 የቪዲዮ ካሴቶችን ወደ ኮምፒውተር የመገልበጥ ማስታወሻ

ታኅሣሥ 20፣ 2017፣ ደሴ

ዛሬ ካርቶኑን ከቁም ሳጥኑ ላይ አወረድኩት። ቆጠርኩ። 23 ካሴት። ሰባቱ ትልቁ ቪኤችኤስ ናቸው። አራቱ ቪዲዮ ኤይት። አሥራ ሁለቱ ከክብሪት ቀፎ ብዙም የማትበልጠው ሚኒ ዲቪ።

ጥቅምት 2014 ላይ ደሴ ስትያዝ ቤቱን ቆልፈን ወጣን። ስንመለስ ቴሌቪዥኑም የለ፣ ዴኩም የለ። ካርቶኑ ተደፍቶ ካሴቶቹ ሳሎን ውስጥ ተበትነው ነበር። ማጫወቻውን የወሰደ ሰው ካሴቱ ምን ያደርግለታል። እናቴ አንድ በአንድ ለቅማ፣ በፌስታል ጠቅልላ መልሳ አኖረችው። ከዚያ ወዲህ ሦስት ዓመት ማንም አልነካውም።

እኔን ያስነሳኝ አንድ ካሴት ነው። የእህቴ ሠርግ፣ ጥር 1996። እዚያ ላይ አያቴ ሙሽሮቹን ስትመርቅ አለች። ሁለት እጇን ዘርግታ አፏ ሲንቀሳቀስ በደንብ ይታያል። ድምጿ ግን አይሰማም። ቪዲዮ ቀራጩ በኪቦርድ የተሠራ አምባሰል ጭኖበታል። ለዓመታት ያየነው የቪኤችኤስ ቅጂ እንዲህ ነው። አያቴ በ1999 አረፈች። ድምጿ ሌላ የትም የለም። ምስሏ እንኳ ሳይበላሽ ላትርፈው ብዬ ነው የተነሳሁት።

ታኅሣሥ 22

ካሴቶቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። ስለዚህ ሥራውም ሁለት ዓይነት ነው። ይህን መጀመሪያ መለየት ብዙ ድካም ያድናል።

ቪኤችኤስና ቪዲዮ ኤይት አናሎግ ናቸው። ቴፑ ላይ ያለው እንደ ሞገድ የሚወጣና የሚወርድ ምልክት ነው። ኮምፒውተር እንዲገባው አንድ መሣሪያ መሃል ገብቶ ወደ ቁጥር መቀየር አለበት። የሚቀይረው ዕቃ ጥሩ ካልሆነ ውጤቱም ጥሩ አይሆንም።

ሚኒ ዲቪ ግን ከመጀመሪያው ዲጂታል ነው። ቴፑ ላይ ያለው ቁጥር ነው። እዚህ መቀየር የሚባል ነገር የለም፣ መገልበጥ ብቻ ነው። ከፍላሽ ወደ ኮምፒውተር ፋይል እንደምትገለብጠው። ልዩነቱ የአንድ ሰዓት ካሴት ለመገልበጥ አንድ ሰዓት ይፈጃል። መንገዱም ፋየርዋየር በሚባለው ኬብል ነው። ሶኒ ካሜራዎች ላይ «አይ ሊንክ» ተብሎ ተጽፎ ታገኙታላችሁ፣ ያው እሱ ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ሚኒ ዲቪውን በቢጫ፣ ነጭና ቀይ ጃክ አውጥቶ በርካሽ የዩኤስቢ መቀበያ ያስገባዋል። ዲጂታሉን አናሎግ አደረገው፣ አናሎጉን መልሶ ዲጂታል አደረገው ማለት ነው። ንፁህ ውኃ በቆሸሸ ጆግ ገልብጦ መልሶ እንደመቅዳት ነው። እባካችሁ ይህን አታድርጉ።

የኔ ችግር ወደቡ ነበር። አዳዲስ ላፕቶፖች ፋየርዋየር የላቸውም። ጓደኛዬ ጋ ባትሪው የሞተ አሮጌ ላፕቶፕ ተገኘ። ጎኑ ላይ ባለአራት ፒኗ ትንሽ ቀዳዳ አለች። ሊኑክስ ጫንኩበት። የምጠቀምበት ፕሮግራም ዲቪግራብ ይባላል፣ ነፃ ነው።

ቦታውንም አሰላሁ። ዲቪ፣ ማለትም ሚኒ ዲቪ የሚጻፍበት ፎርማት፣ በሰዓት 13 ጊጋባይት ገደማ ይይዛል። አሥራ ሁለቱ ሚኒ ዲቪ 156 ጊጋባይት። ቪዲዮ ኤይትና ቪኤችኤሱንም በዲቪ ካስቀመጥኩ ሁሉም ተደምሮ 500 አካባቢ ይመጣል። ባለ አንድ ቴራባይት ሃርድ ዲስክ ሁለት ገዛሁ። ለምን ሁለት እንደሆነ በኋላ እመለስበታለሁ።

ታኅሣሥ 25፣ ኮምቦልቻ

ያኔ ሠርጉን የቀረጹት ሰውዬ ኮምቦልቻ እንደሚኖሩ እህቴ ነገረችኝ። ሥራውን ካቆሙ ቆይተዋል። ሚኒ ዲቪ የሚያጫውት ካሜራ ፍለጋ ሄድኩ። ከደሴ ቁልቁል ሲወርዱ ብርዱ በየመታጠፊያው እየለቀቀ ይሄዳል፣ ኮምቦልቻ ስደርስ ጃኬቴን አውልቄ ነበር።

ካሜራቸው አለ። በፎጣ ተጠቅልሎ፣ መሳቢያ ውስጥ። ባትሪው ሞቷል፣ ቻርጀሩ ግን ይሠራል። «ጋሼ፣ ለአንድ ወር ያውሱኝ?» አልኳቸው። «ውሰደው ልጄ፣ እዚህ አቧራ ከሚጠጣ» አሉኝ። አንድ ማስጠንቀቂያ ሰጡኝ። «መጀመሪያ የምትወደውን ካሴት እንዳትከት። የማትፈልገውን ከትተህ አስበላው።» ትክክል ናቸው። ለረጅም ጊዜ የቆመ ካሜራ ውስጡ ያለው ጎማ ይደርቃል፣ ቴፕ ሊያኝክ ይችላል። ባዶ ካሴትም ጨመሩልኝ።

ታኅሣሥ 27

ባዶውን ካሴት ከተትኩ። ወደፊት እስከ መጨረሻው አጠነጠንኩ፣ ወደ ኋላ መለስኩ። ይህን ለሁሉም ካሴት አደርገዋለሁ። ለዓመታት የቆመ ቴፕ እርስ በርሱ ይጣበቃል፣ አጠማዘዙም ይዛባል። አንዴ ሄዶ ሲመለስ ይላቀቃል፣ እኩል ሆኖ ይጠመጠማል።

ከማንኛውም ነገር በፊት ደግሞ የመቅረጫ መከላከያውን ዘጋሁ። ሚኒ ዲቪ ጀርባው ላይ የምትንሸራተት ትንሽ በር አላት። ወደ «ሴቭ» መገፋት አለባት። ቪኤችኤስ ላይ የፕላስቲኳ ጥርስ ትሰበራለች። አንድ የተሳሳተ ቁልፍ መጫን የሰው ሠርግ ሊያጠፋ ይችላል።

ላፕቶፑ ካሜራውን ወዲያው አወቀው። ደስ የሚለው፣ በዚህ ኬብል ኮምፒውተሩ ካሜራውን ራሱ ያዘዋል። «አጫውት» ብዬ ስጽፍ ካሜራው ውስጥ ሞተሩ ተነሳ።

ግን 20 ደቂቃ ሊሞላ ጥቂት ሰከንድ ሲቀረው ቆመ። ሁለት ጊዜ ሞከርኩ፣ ሁለቴም እዚያው ላይ። ነገሩ ገባኝ። ሃርድ ዲስኩ ፋት 32 በሚባል ፎርማት ነበር የተዘጋጀው። እሱ ደግሞ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም። 4 ጊጋባይት ዲቪ 20 ደቂቃ የማይሞላ ነው። ዲስኩን በሌላ ፎርማት አዘጋጀሁት፣ ችግሩ ቀረ።

ታኅሣሥ 30

ዛሬ ምንም አልተሠራም ማለት ይቻላል። ጠዋት ላይ ጉሙ ቤቱ ድረስ ገብቶ ነበር። ካሜራው ያደረው በጣም በሚቀዘቅዘው ክፍል ነው። አውጥቼ ሳሎን አመጣሁት። ሳሎን ደግሞ ከሰሉ ተቀጣጥሎ ጀበናው ተጥዷል። ካሴት ልከት ስል ስክሪኑ ላይ የጠብታ ምልክት ብልጭ ድርግም ይል ጀመር።

እርጥበት ነው። ቀዝቃዛ ዕቃ ሞቅ ያለና እንፋሎት ያለበት ቤት ሲገባ ውስጡ ጤዛ ይይዛል። ካሜራው ውስጥ ቴፑን የምታነብ የምትሽከረከር ከበሮ አለች፣ እሷ እርጥብ ሆና ቴፕ ከተጠመጠመባት ይጣበቃል፣ ይቀደዳል። ካሜራው አልሠራም ያለው ለእኛው ብሎ ነው። የካሴቱን በር ከፍቼ ከሁለት ሰዓት በላይ ተውኩት። አቦሉም ቶናውም በረካውም አለቀ። ከዚህ በኋላ ካሜራው የሚያድረው ሳሎን ነው። ቡናውም ወደ ጓዳ ተዛውሯል።

ጥር 2

አምስት ሚኒ ዲቪ ተገልብጧል። ስድስተኛው ላይ ምስሉ ተቆራረጠ። እንደ ወለል ንጣፍ አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን እየሆነ፣ አግድም ሰንጠረዥ እየሠራ። አንዱ ሰንበር ይሄዳል፣ ቀጥሎ ያለው ቆሞ ይቀራል።

ምክንያቱን ማወቅ ይረዳል። ካሜራው ውስጥ ያለችው ከበሮ በደቂቃ 9,000 ጊዜ ትዞራለች። ከበሮዋ ላይ በሁለቱ ተቃራኒ ጎኖች ሁለት ሄድ፣ ማለትም ቴፑን የሚያነብ ጫፍ፣ አለ። አንዱ አንድ ዱካ ያነባል፣ ሌላኛው ቀጣዩን። በፓል፣ ማለትም በእኛ አገር የቴሌቪዥን አሠራር፣ አንድ ምስል 12 ዱካ ላይ ተከፋፍሎ ነው የተጻፈው። አንዱ ሄድ በቆሻሻ ሲደፈን ግማሹ ዱካ አይነበብም። የሰንጠረዡ ምክንያት ይሄ ነው። ካሴቱ አልተበላሸም ማለት ነው!

የማጽጃ ካሴት ከትቼ ለ10 ሰከንድ አጫወትኩ። ከዚያ በላይ አያስፈልግም፣ ማጽጃው ራሱ ሄዱን ይበላዋል። አልለቀቀም። ሁለተኛ 10 ሰከንድ። ጠራ። በጆሮ መጥረጊያ ጥጥ መፈተግ እንዳታስቡ። ክሩ ሄዱን ይይዘውና ይነቅለዋል።

ጥር 4፣ እሑድ

በሌሎቹ እስክለማመድ የሠርጉን ዋና ሚኒ ዲቪ ካሴት ሆን ብዬ ወደኋላ አቆይቼው ነበር። ዛሬ ተራው ደረሰ። መብራትም አለ።

ከተትኩ። ወደፊት፣ ወደ ኋላ። አጫወትኩ። ድንኳኑ መጣ። ሳሩ የተጎዘጎዘበት ግቢ። የጎረቤት ልጆች ካሜራው ፊት እየተጋፉ። ግን አንድ ነገር ልክ አይደለም። ዘፈኑ የለም።

መጀመሪያ ደነገጥኩ። ድምፁ ተበላሸ ብዬ። ቀጥሎ ስሰማ ንፋስ አለ። የድንኳን ሸራ ሲመታ ይሰማል። ሰው ያወራል። አንድ ሴት «ውኃውን ወዲህ በሉት» ትላለች። ይህንን ሁሉ በቪኤችኤሱ ቅጂ አንድ ቀን ሰምተነው አናውቅም።

ካሴቱን አቆምኩት። እጄ እየተንቀጠቀጠ ሜኑ ውስጥ ገባሁ። «ኦዲዮ ሚክስ» የሚል መስመር አለ። አንድ ጫፉ «ስቴሪዮ 1»፣ ሌላው ጫፉ «ስቴሪዮ 2»። ቀስቷ 1 ላይ ነች። ወደ 2 ገፋኋት። አምባሰሉ መጣ፣ ያው የምናውቀው ኪቦርድ። ወደ 1 መለስኳት። ንፋሱና ሰዉ ተመለሱ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሚኒ ዲቪ ድምፅን በሁለት መንገድ መቅረጽ ይችላል። አንደኛው 16 ቢት ነው። ጥራቱ ከፍ ያለ ሲሆን ቦታውን ሁሉ ለአንድ ስቴሪዮ ያውለዋል። ሁለተኛው 12 ቢት ነው። ጥራቱ ዝቅ ይላል፣ ግን ለሁለት ስቴሪዮ ቦታ ያስቀምጣል። በሠርጉ ቀን የነበረው ድምፅ አንደኛው ላይ ይጻፋል። በኋላ ዘፈን ስትጭን ሁለተኛው ላይ ይገባል። የመጀመሪያው አይነካም። ሰውዬው ለቪኤችኤሱ ቅጂ ሁለተኛውን ብቻ አወጡት። ዋናው ግን ካሴቱ ላይ ሳይነካ 21 ዓመት ተቀምጧል።

ከመጀመሪያው ጀምሮ ወደ ኮምፒውተሩ ገለበጥኩት። በፋየርዋየር ሲገባ ሁለቱም ስቴሪዮ አብሮ ይገባል፣ ሜኑው ምንም ቢል። በጃክ ቢሆን ኖሮ ሜኑው የመረጠው ብቻ ነበር የሚመጣው። ብዙ ማጫወቻ ፕሮግራሞች ግን የመጀመሪያውን ብቻ ያሰማሉ። ስለዚህ ኤፍኤፍኤምፔግ በሚባል ነፃ ፕሮግራም ሁለቱን ለየብቻ አወጣኋቸው፣ ሁለት ፋይል።

አያቴ የምትመጣው 41ኛው ደቂቃ ላይ ነው። ጆሮ ማዳመጫ አደረግሁ።

አያቴ ሙስሊም ናት። የእህቴ ባል ወገኖች ክርስቲያን ናቸው። ወሎ ውስጥ ይህ ወሬ አይሆንም። ድምጿ ከማስታውሰው ቀጠን ይላል። «ውለዱ፣ ክበዱ። የዘራችሁት ይብቀል፣ ያረባችሁት ይርባ። መሶባችሁ እንጀራ፣ ደጃችሁ እንግዳ አይጣ። ጎጇችሁ በረካ ይሁን።» ከየአረፍተ ነገሩ በኋላ ከድንኳኑ ግማሹ «አሚን» ይላል፣ ግማሹ «አሜን»። ሁለቱ ድምፆች አንድ ላይ አይወድቁም። አሚኑ ይቀድማል፣ አሜኑ ይከተላል።

ስትጨርስ እጇን አጠፈች። ቀና ብላ በቀጥታ ሌንሱን አየችው። ይህችን አተያይ ከቪኤችኤሱ እናውቃታለን። «አያቴ ካሜራውን ስታይ» እንላት ነበር። ለካ እያወራች ነበር። «አንተስ ልጄ፣ ከጠዋት ጀምሮ ቆመህ ዋልክ። በላህ ወይ?»

ዛሬ ሌላ ካሴት አልከተትኩም።

ጥር 5

ዲቪ ቴፕ ላይ የተቀረጸበት ቀንና ሰዓትም ተደብቆ ይጻፋል። ምስሉ ላይ አይታይም፣ ፋይሉ ውስጥ ግን አለ። ዲቪግራብ የፋይሉን ስም በዚያ ቀን ማውጣት ይችላል። የሠርጉ ካሴት 18/1/2004 ይላል፣ በፈረንጅ።

እህቴ ጥር 9 ነው ያገባሁት ትላለች። እኔ በተለመደው አቆጣጠር ስቆጥር ጥር 10 ይመጣብኛል። ጥር 1 ጃንዋሪ 9 ነው ብዬ ነበር የጀመርኩት። ግን 1995 ጳጉሜን ስድስት ቀን ነበራት። ስለዚህ በ1996 ሁሉም ነገር አንድ ቀን ይገፋል፣ ጥር 1 ጃንዋሪ 10 ላይ ይውላል። እህቴ ልክ ናት። ቀኑም እሑድ ነበር።

ሰዓቱ ደግሞ 4:12 ይላል። ፀሐዩ የረፋድ ነው፣ የሌሊት አይደለም። ሰውዬው ቀኑን በፈረንጅ፣ ሰዓቱን በእኛ ነው የሞሉት። አሮጌ ካሴት ስትገለብጡ ይህንን አስቡ። ሶፍትዌሩ የሚነግራችሁን ሰዓት ከጥላው ጋር አስተያዩት።

በየፋይሉ ጎን አንድ የጽሑፍ ፋይል እያስቀመጥኩ ነው። ቀኑ፣ ቦታው፣ ማን ማን እንዳለ። ያለዚህ ከ20 ዓመት በኋላ የሚያየው ሰው ፊት እንጂ ሰው አያይም።

ጥር 9

እህቴ ከሐይቅ መጣች፣ ዛሬ ካገባች 21 ዓመቷ ስለሆነ። ምን እንዳገኘሁ አልነገርኳትም ነበር። ጆሮ ማዳመጫውን ሰጠኋትና ከ40ኛው ደቂቃ አስጀመርኩላት።

አንድ ጊዜ አየችኝ። ከዚያ ዓይኗን ጨፍና አዳመጠች። ሲያልቅ ጆሮ ማዳመጫውን ሳታወልቅ «መልሰው» አለች። አራት ጊዜ መለስኩት። በአራተኛው ላይ እናቴን ጠራቻትና ድምፁን በስፒከር ከፈትነው። እናቴ ገና «ውለዱ» የሚለውን ስትሰማ «አሚን» አለች፣ ለቪዲዮው።

ከዚያ ሥራ ጀመርን። ሁለቱ እያዩ ይነግሩኛል፣ እኔ እጽፋለሁ። «ይቺ የአጎቴ ሚስት፣ ይሄ ያኔ ወፍጮ ቤት የነበረው፣ ያ አሜን ከሁሉም በኋላ የሚለው አማቴ ናቸው።» አንድ ሰዓት ቴፕ ለመጻፍ አራት ሰዓት ፈጀብን። ስንት ስም ከእናቴ ጋር ሊቀር ነበር።

ጥር 13

ቪዲዮ ኤይት። እነዚህን አጎቴ ከጅዳ ይዞት በመጣው ካሜራ ነው የቀረጻቸው፣ በ1980ዎቹ። ያ ካሜራ ከሞተ ቆይቷል። ነገር ግን ሶኒ በፈረንጅ 1999 ዲጂታል ኤይት የሚል ካሜራ አውጥቶ ነበር። ካሴቱ ያው ስምንት ሚሊ ሜትር ስለሆነ ብዙዎቹ ሞዴሎች አሮጌውን ቪዲዮ ኤይትና ሃይ ኤይት ያጫውታሉ። ሁሉም ግን አይደሉም፣ ከመግዛታችሁ በፊት መጠየቅ አለባችሁ። የሚያጫውተው ከሆነ አናሎጉን ውስጡ ወደ ዲቪ ቀይሮ በፋየርዋየር ያወጣዋል። ለዚህ ዓይነት ካሴት ከዚህ የተሻለ መንገድ አላየሁም። አንድ ወዳጄ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ላከልኝ። ከዱባይ የተገዛ ነው።

አራቱም ያለ ችግር ወጡ። በአንዱ ላይ የባቲ ሰኞ ገበያ አለ። ግመሎቹ ተንበርክከው፣ አቧራው በፀሐይ ወርቅ መስሎ። አጎቴ ካሜራውን አያረጋጋም፣ ዓይን ያዞራል። ግን ከሌንሱ አጠገብ ሆኖ ስለ ጨው ዋጋ ሲከራከር ይሰማል።

ጥር 16

ቪኤችኤስ ሦስት ቀን በላኝ።

ዴኩን ያገኘሁት ድሮ ቪዲዮ ቤት ከነበረው ጎረቤታችን ነው። የህንድ ፊልም የምናይበት። ከሐምሌ 2008 ወዲህ አዲስ የቪኤችኤስ ዴክ የሚሠራ ፋብሪካ የለም። የመጨረሻው የጃፓኑ ፉናይ ነበር። ስለዚህ በየቤቱ ያለው ዴክ ሲያልቅ አለቀ። ካሴት ያላችሁ ሰዎች፣ ጊዜው የቴፑ ብቻ አይደለም፣ የዴኩም ነው።

መጀመሪያ በርካሽ የዩኤስቢ መቀበያ ሞከርኩ። መጀመሪያው ላይ ደህና ነው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ግን ምስሉ ላይ ከበሮ መቺው ከመታ በኋላ ነው ድምፁ የሚመጣው። ቪኤችኤስ ምልክቱ ይንገዳገዳል። መቀበያው ምስል ሲያመልጠው ዝም ብሎ ይዘለዋል፣ ድምፁ ግን ይቀጥላል። እያደር ይራራቃሉ።

መፍትሔው ያ ዲጂታል ኤይት ካሜራ ሆነ። የዴኩን ሦስት ጃክ ወደ ካሜራው አስገባሁ፣ ካሜራውን በፋየርዋየር ከላፕቶፑ ጋር አያያዝኩ። ካሴት ሳይገባበት እንደ መተላለፊያ ያገለግላል። ሜኑው ላይ ከአናሎግ ወደ ዲቪ ማውጫ የሚለውን መክፈት ነው። ምስሉና ድምፁ በአንድ ጅረት ስለሚመጡ አይራራቁም። ለአውሮፓ ገበያ የተሠሩ ብዙ ካሜራዎች ላይ ይህ መግቢያ ተዘግቷል። ከዱባይ የመጣ መሆኑ እዚህ ላይ ጠቀመኝ።

ከምስሉ ግርጌ የሚንቀጠቀጥ ቀጭን ሰንበር ታያላችሁ። ብልሽት አይደለም። አንዱ ሄድ ለሌላው ሲያስረክብ የሚፈጠር ነው። የድሮ ቴሌቪዥን ጠርዙን ስለሚሸፍነው አይታይም ነበር።

አክስቴ ከአሜሪካ የላከችው ካሴት ምስሉ ጥቁርና ነጭ ሆኖ መጣ። የእኛ አገር ፓል ነው፣ በሰከንድ 25 ምስል። የነሱ ኤንቲኤስሲ፣ ወደ 30 የሚጠጋ። ዴኩ ያንን ሲያጫውት ለእኛ ቴሌቪዥን እንዲስማማ መሃል ላይ ያለ ነገር ያወጣል፣ ፓል 60 የሚሉት። ካሜራው ያንን ቀለም አልተረዳውም። ለዚህ አንድ ካሴት ብቻ ወደ ዩኤስቢ መቀበያው ተመለስኩ። አቀባበሉን «ፓል 60» ስለው ቀለሙ መጣ። በየ20 ደቂቃው እየቆራረጥኩ ገለበጥኩት፣ ድምፁ እንዳይርቅ።

መብራት ሁለቴ ሄደብኝ። ዴኩ ቴፑን ከበሮው ላይ እንደጠመጠመ ቀረ። መብራት እስኪመጣ ካሴቱን ለማውጣት አልታገልኩም። ሲመጣ ራሱ ፈትቶ መለሰው።

ሰባተኛውን ቪኤችኤስ ዴኩ ውስጥ አልከተትኩም። በመስኮቱ ሲታይ ጥቅልሉ ጠርዝ ላይ እንደ ዱቄት ነጭ ነገር አለ። ሻጋታ ነው። ቢገባ ዴኩን ያበላሻል፣ ከዚያ ቀጥሎ የሚገባውንም ካሴት ይበክላል። በፌስታል አስሬ ለብቻው አስቀመጥኩት። ደረቅ ወቅት ላይ ነን፣ ይድረቅ። ከዚያ ከቤት ውጪ፣ አፌን ሸፍኜ፣ አምስቱን ብሎን ፈትቼ አጸዳዋለሁ።

ጥር 20

ዋናዎቹ ፋይሎች አይነኩም። ይህ ሕጌ ነው። የሚያምር ነገር የምሠራው በቅጂው ላይ ነው።

ለዘመድ የሚላክ ቅጂ ሠራሁ፣ በቴሌግራም የሚሄድ። አንድ ፋይል ከ2 ጊጋባይት እንዳይበልጥ አደረግሁ። ሁለት ነገር ተጠንቅቄያለሁ። አንደኛው የምስሉ ቅርጽ ነው። የድሮ ቪዲዮ አራት ለሦስት ነው። ስክሪን እንዲሞላ ከለጠጣችሁት ሙሽራዋ ትወፍራለች። ጎኑ ጥቁር ይሁን፣ ምንም አይደለም።

ሁለተኛው እስክስታው ነው። የድሮ ካሜራ በሰከንድ 50 ግማሽ ምስል ነው የሚይዘው፣ አንዴ 1ኛ፣ 3ኛ፣ 5ኛ እያለ የሚሄዱትን መስመሮች፣ አንዴ 2ኛ፣ 4ኛ፣ 6ኛ የሚሉትን። ኮምፒውተር ላይ ሁለቱ ሲደረቡ የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ይሆናል። ቆሞ የሚያወራ ሰው ላይ አይታይም። ትከሻ ላይ ግን ያስጠላል። አብዛኛው ሰው ወደ 25 ይቀይረውና ማበጠሪያው ይጠፋል፣ ግን ትከሻው ይንቀራፈፋል። ወደ 50 ሙሉ ምስል ቀይሩት። በኤፍኤፍኤምፔግ «ቢደብሊውዲፍ» የሚባለው ማጣሪያ ይህን ይሠራል። እስክስታው እንደ እስክስታ ሆነ።

አሁን ሁለተኛው ሃርድ ዲስክ። ሁሉም ነገር ተገልብጦበት ዛሬ ከእህቴ ጋር ወደ ሐይቅ ሄደ። አንድ ቤት ውስጥ ያለ ሁለት ዲስክ እንደ አንድ ዲስክ ነው። ቤታችን አንዴ ተፈትሿል።

ጥር 25፣ ኮምቦልቻ

ካሜራውን ልመልስ ወረድኩ። ሰውዬው ቡና ላይ ነበሩ። ላፕቶፑን ከፈትኩና «ጋሼ፣ ይህን ያዳምጡልኝ» አልኳቸው።

ዘፈኑ እንደሌለ ወዲያው ገባቸው። «12 ቢት ነበር የምቀርጸው» አሉ። «ሁልጊዜ። ዘፈን ስጭን ዋናው ሥሩ እንዲቀር ብዬ። ግን ማንም መጥቶ የጠየቀኝ የለም።» ዘፈን መጫን ያኔ የሁሉም ሰው ጥያቄ ነበር አሉኝ። ንፋስ የሚሰማበት ሠርግ ገንዘብ አይከፈልበትም ነበር።

ምርቃቱን ሰሙ። ከዚያ አያቴ ቀና አለች። «አንተስ ልጄ፣ ከጠዋት ጀምሮ ቆመህ ዋልክ። በላህ ወይ?»

ሲኒውን አስቀመጡ። ትንሽ ቆይተው «አልበላሁም ነበር» አሉ። «ራሷ ናት ድንኳኑ ኋላ ወስዳ ያስቀመጠችኝ። ረስቼው ኖሬአለሁ።»

ካሜራውን አልተቀበሉኝም። ተነስተው ጓዳ ገቡና በገመድ የታሰረ ካርቶን እየጎተቱ መጡ። ሚኒ ዲቪ፣ አርባ ገደማ። ሰዎች ቪኤችኤሱን ወስደው ዋናውን የተዉላቸው። አንዳንዱ ላይ ስም አለ፣ አንዳንዱ ላይ «ሐይቅ 1997»፣ «ውጫሌ፣ ጥር» ብቻ። ባለቤቶቹን ሳናገኝ አንገለብጥም፣ እዚያ ላይ ተስማምተናል። እሳቸው የሚያስታውሱትን ቤተሰብ በወረቀት ላይ እየጻፉልኝ ነው። እስካሁን 14 ደርሰዋል።